ሲቪዬ ለምን መልስ እንዳጣ ያወቅኩበት ቀን

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሆኜ ለነገረ ፈጅና ለጀማሪ የሕግ ባለሙያ ቦታዎች ለስድስት ወር ሳመለክት ከረምኩ። አንድም አልጠሩኝም። ሲቪዬ አራት ገጽ ነበር፤ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቦታ፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሳይቀር። ደብዳቤው ደግሞ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል» ይላል።

የብሎካችን ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ ነገረ ፈጅ፣ አነበቡትና «ልጄ፣ ምን ጽፈህ ታውቃለህ? እሱን ንገራቸው» አሉኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ከሥራ ለተሰናበቱ ሰዎች የክስ አቤቱታ አዘጋጅቻለሁ፤ ሲቪው ላይ ግን «በጎ ፈቃደኛ» ብቻ ብዬ አልፌዋለሁ!

አሁን ገላን ላለ ፋብሪካ የላክሁት ደብዳቤ እንዲህ ይጀምራል፦ «በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በተለይ ያለማስጠንቀቂያ ስንብትን በሚመለከተው አንቀጽ 27 ላይ ተመሥርተው የተነሱ ክርክሮችን መርምሬ አቤቱታ አርቅቄያለሁ።» ብዙ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ የሚያሳስበው ይኸው ነው። የባለጉዳይ ስም ግን አንድም አልጠቀስኩም፤ ምስጢር መጠበቅ ከማመልከቻው ይጀምራል።

ሲቪውን ወደ ሁለት ገጽ አወረድኩት። አማርኛውን ሁለት ሰው አረመልኝ፤ ለጽሑፍ ሥራ የሚያመለክት ሰው የፊደል ግድፈት ይዞ መሄድ የለበትም።

በዘጠነኛው ቀን ለጽሑፍ ፈተና ተጠራሁ። የመጀመሪያው ጥያቄም ስለ ስንብት ነበር።