ዌስኖዝ ላይ «ጎራዬ ደካማ ነው» ስትሉ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሔው

ባትል ፎር ዌስኖዝ ከ2003 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ በየተራ የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ፖሊ ግቢም ሁኑ ፔዳ ግቢ፣ አንድ ላፕቶፕ ለሁለት ለምትካፈሉ ተማሪዎች ይመቻል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ይሠራል፣ በየተራው ራሱን ሴቭ ስለሚያደርግ መብራት ቢጠፋም ጨዋታው አይጠፋም። የሚያከራክረው ነገር አንድ ነው፦ ከስድስቱ መደበኛ ጎራዎች፣ ማለትም ተጫዋቹ ከሚመርጣቸው የተዋጊ ወገኖች (ሎያሊስት፣ ሬቤልስ፣ ኖርዘርነርስ፣ አንዴድ፣ ኖልጋንስ፣ ድሬክስ) የቱ ይሻላል?

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። ጎራዎቹ ተመጣጥነው የተሠሩ ናቸው። «ይህ ጎራ አይረባም» ከሚያሰኙት ሽንፈቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከሦስት ነገሮች ነው፦ ከሰዓቱ፣ ከመሬቱና መጀመሪያ ላይ ከተገዙት ተዋጊዎች። ጎራ ከመቀየራችሁ በፊት ከታች ካሉት ምልክቶች የቱ እንደገጠማችሁ ለዩ። የጠቀስናቸው ዋጋዎችና የጉዳት ቁጥሮች ከስሪት ስሪት በጥቂቱ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ተዋጊው ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ መግለጫውን ስትከፍቱ የእናንተ ስሪት ያለውን ታያላችሁ።

ምልክት፦ በአንዱ ተራ ጠላትን ትጠራርጋላችሁ፤ ከሁለት ተራ በኋላ ያው ሠራዊት ይፈርሳል

ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። ጨዋታው ውስጥ አንድ ቀን ስድስት ተራ አለው፦ ንጋት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት፣ ከዚያም ሁለት የሌሊት ተራዎች። የቀን ወገን የሆኑ ተዋጊዎች ጠዋትና ከሰዓት 25% ጨምረው ይመታሉ፣ በሁለቱ የሌሊት ተራዎች ደግሞ 25% ቀንሰው። የሌሊት ወገኖች የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ንጋትና ምሽት ለማንም አያደሉም።

25% ትንሽ ቢመስልም በሁለቱም በኩል ስለሚሠራ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል። የሎያሊስቶች ስፒርማን በአንድ ጥቃት 7 ጉዳት ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ የኖርዘርነርስ ግራንት 9 ጉዳት ሁለት ጊዜ ይመታል። ሁሉም ምት ቢያገኝ፣ ቀን ላይ ስፒርማኑ 27 ሲያደርስ ግራንቱ 14 ብቻ ይመልሳል። ሌሊት ግን ስፒርማኑ ወደ 15 ይወርዳል፣ ግራንቱ ወደ 22 ይወጣል። ተዋጊዎቹ እነዚያው፣ መሬቱም ያው ሆኖ ውጤቱ ተገለበጠ።

መፍትሔው ጥቃትን በሰዓት ማቀድ ነው። ሎያሊስት ወይም ድሬክ ከያዛችሁ ንጋት ላይ ቅረቡ፣ ጠዋትና ከሰዓት ተዋጉ፣ ምሽት ሲሆን ያሸነፋችሁ ቢመስላችሁም ወደ መንደሮቻችሁና ወደ ኮረብታው አፈግፍጉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ የጣና ታንከኛ ወደ ዳር እንደሚጠጋው ማለት ነው፤ መጠጋቱ ሽንፈት አይደለም። ጀማሪዎችን በብዛት የሚጥላቸው «አንድ ምት ብቻ ቀረው፣ ልጨርሰው» የሚለው ጉጉት ነው። ያ አንድ ምት ምሽት ላይ ወደፊት የወጡ ሦስት ተዋጊዎችን ያስበላል። ኖርዘርነርስና አንዴድ ለያዘ ሰው ሥርዓቱ ተገልብጦ ይሠራል፦ ቀኑን ሸሽታችሁ ምሽት ላይ ተመለሱ።

ሰዓት መቁጠር ጨርሶ የማይሆንላችሁ ከሆነ የሚስማሟችሁ ሁለት ጎራዎች ናቸው። የሬቤልስ ኤልፎችና የኖልጋንስ ድዋርፎች ሰዓት አይነካቸውም፤ ሌሊትም ቀንም እኩል ይመታሉ። በእነዚሁ ጎራዎች ውስጥ ያሉት ሜጅ (አስማተኛው) እና ዎዝ (ዛፍ መሰሉ ተዋጊ) ግን የቀን፣ ፉትፓድና ሌባው ደግሞ የሌሊት መሆናቸውን አትርሱ። ጨዋታው የመነሻ ሰዓቱን በዕጣ እንዲያወጣ የሚያደርግ ምርጫ ስላለም፣ ከመጀመሪያው ግዢ በፊት ከላይ ያለውን የፀሐይ ምልክት እዩ።

ምልክት፦ አንዴድ አይሞትልኝም

በሎያሊስት የሚጫወቱ ሰዎች ተደጋጋሚ ምሬት ነው። «አንዴድ ከሁሉም ይበልጣል» የሚለው ወሬም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ምክንያቱ የጉዳት ዓይነት ነው። ስኬሌተን (የአንዴድ አፅም ተዋጊ) የመውጊያን ጉዳት 60%፣ የስለትን 40% ይቀንሳል፤ እንደ መዶሻ ያለ የሚቀጠቅጥ መሣሪያና እሳት ሲያገኙት ግን 20% ጨምሮ ይጎዳል።

ቁጥሩን ንጋት ላይ፣ ሰዓት በማያደላበት ተራ እንሥራው። ስፒርማን ስኬሌተንን ሲወጋ 7ቱ ወደ 3 ይወርዳል፤ ሦስቱም ቢያገኙ 9 ነው። ስኬሌተኑ 34 ሕይወት አለው። ሄቪ ኢንፋንትሪ በመዶሻው 13 ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 26 ያደርሳል። ሜጅ በእሳቱ 8 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 24 ያደርሳል፤ የአስማት ጥቃት ስለሆነም ጠላት የትም ቢቆም 70% ያገኛል። አንድ ሄቪ ኢንፋንትሪ (19 ወርቅ) እና አንድ ሜጅ (20 ወርቅ) ተባብረው አንድ ስኬሌተን በአንድ ተራ ሊጥሉ ይችላሉ፤ በ42 ወርቅ የተገዙ ሦስት ስፒርማኖች ግን እያንዳንዱ ውጊያቸው ቢያገኝም አይጥሉትም።

ስለዚህ አንዴድ መሆኑን ስታውቁ ስፒርማን መግዛት አቁሙና ሄቪ ኢንፋንትሪና ሜጅ አብዙ። በሬቤልስ በኩል የሄቪ ኢንፋንትሪን ቦታ የሚይዘው ዎዝ ነው፣ በኖርዘርነርስ በኩል ትሮል ዌልፕ። የኖርዘርነርስ አሳሲን መርዝ እዚህ ዋጋ የለውም፣ አፅም አይመረዝም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጎበዝ የአንዴድ ተጫዋች ሄቪ ኢንፋንትሪ ሲበዛ ሲያይ በ16 ወርቅ ዳርክ አደፕት ይደረድራል። የአደፕቱ ቅዝቃዜ አስማት ነው፣ ሄቪ ኢንፋንትሪው ደግሞ ከርቀት የሚመልስበት የለውም፣ በዚያ ላይ ዘገምተኛ ነው። መልሱ ካቫልሪማን ነው፤ 17 ወርቅ፣ ፈጣን። አደፕት በቅርብ ሲያጠቁት የሚመልስበት መሣሪያ ስለሌለው ያለ ምንም ኪሳራ ትመቱታላችሁ። ኖልጋንስ ለዚህ የተፈጠረ ሰው አላቸው፦ ኡልፍሰርከር አንዴ ከጀመረ ከሁለት አንዱ እስኪወድቅ ወይም 30 ዙር እስኪሞላ አያቆምም፣ አደፕት ደግሞ አይመልስም። ያንኑ ኡልፍሰርከር ስፒርማን ላይ ብትልኩት ግን 19 ወርቅ ጣላችሁ ማለት ነው።

የትኛው ጥቃት እንደሚያዋጣ ስትጠራጠሩ የጥቃቱ መስኮት ላይ ያለውን የጉዳት ስሌት ቁልፍ ተጫኑ። የመግደልና የመሞት ዕድሉን በፐርሰንት ያሳያችኋል።

ምልክት፦ በስድስተኛው ተራ ወርቅ አልቆ ዝም ብሎ መቀመጥ

ይህ በየትኛውም ጎራ ይደርሳል፣ በድሬክስ ግን ይብሳል። በተለመደው ቅንብር በየተራው 2 ወርቅ ያለ ምንም ነገር ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱ መንደር 2 ይጨምራል። እያንዳንዱ ተዋጊ በደረጃው ልክ ቀለብ ይበላል፣ እያንዳንዱ መንደር ደግሞ የአንድ ደረጃ ቀለብ ይሸፍናል። ደረጃቸው 1 የሆነ ሰባት ተዋጊዎች ይዛችሁ 4 መንደር ብቻ ካላችሁ፦ 2 ሲደመር 8፣ 10 ይመጣል፤ ከቀለቡ 3 አልተሸፈነም፤ የሚገባችሁ 7 ነው። በዚያው ሠራዊት 8 መንደር ብትይዙ 18 ይገባችኋል። አንድ መንደር ስትነጠቁ ያልተሸፈነ ቀለብ ካለባችሁ በየተራው 3 ወርቅ ይሄዳል፣ ጠላት ደግሞ የወሰደውን ይጠቀምበታል።

መጀመሪያ የምትገዟቸውን ሰዎች ከቤተ መንግሥቱ ስታወጡ እያንዳንዳቸው በየትኛው መንደር እንደሚያልፉ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሩቅ ላለው መንደር ፈጣን ሰው ላኩ፤ ድዋርፍ በ4 እርምጃው እዚያ እስኪደርስ ጨዋታው ያልፋል። ኖልጋንስ «ዘገምተኛ ናቸው» የሚባሉት ድዋርፍ ብቻ ሲገዛላቸው ነው፤ አንድ ግሪፎን ራይደር (24 ወርቅ) ወይም ሁለት ፉትፓድ (እያንዳንዱ 14) ችግሩን ይፈቱታል።

ምልክት፦ ድሬክስ አስፈሪ ሆነው ይጀምሩና እንደ ቅጠል ይረግፋሉ

ድሬክስ የሚመረጡት ስለሚበሩና እሳት ስለሚተፉ ነው፣ ለጀማሪ ግን አንመክራቸውም። በ100 ወርቅ 8 ግራንት ይገዛል፤ በርነር ግን 21 ስለሆነ 4 ብቻ። ሰፊ አካላቸው በሜዳ ላይ 30% ብቻ ስለሚያመልጥ ከ10 ምት 7ቱ ያገኛቸዋል፤ የተሻለ መሬት ላይም 40% ነው። መውጊያ 20%፣ ቅዝቃዜ 50% ጨምሮ ይጎዳቸዋል። ስፒርማን ደግሞ ርካሽ ነው፣ በመውጊያ ይዋጋል፣ ሲያጠቁትም ቀድሞ ይመታል።

ስለዚህ ስፒርማን ላይ በአካል አትግቡ፤ በርነር ከርቀት ያቃጥለው። ግንባር የሚይዝ ሰው ስትፈልጉ ክላሸር (19) ግዙ፤ አይበርም፣ ግን ከሌሎቹ ድሬኮች በተለየ መውጊያ አያደክመውም። ሌሊቱን የሚሸፍኑላችሁ ሶሪያኖች፣ በዚሁ ጎራ ውስጥ ያሉት እንሽላሊት መሰል ተዋጊዎች ናቸው። እነሱ የሌሊት ወገን ሆነው ጫካ፣ ኮረብታና ረግረግ ላይ 60% ያመልጣሉ፣ ፈዋሻቸው ኦገር ደግሞ አጠገቡ ያለውን በየተራው 4 ያድናል። ድሬክና ሶሪያን ያልቀላቀለ ሰው ግማሽ ጎራ ነው የሚጫወተው። የድሬክ ትልቁ ሀብት ፍጥነቱ ነው፤ ጠላት ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል በሌላው ዞራችሁ መንደሮቹን ልቀሙ።

ምልክት፦ ኤልፎቼ አያመልጡም

ሜዳ ላይ አቁማችኋቸዋል። ኤልፍ ጫካ ውስጥ 60% እና ከዚያ በላይ ያመልጣል፣ ሜዳ ላይ 40% ብቻ። የጫካው ጠርዝ ላይ ቁሙና ጠላት ሜዳውን ይዞ እንዲመጣ ጠብቁ። ካርታው ጫካ የሌለው ከሆነ ሬቤልስን አለመምረጥ ይሻላል። ጠላት ድሬክ ከሆነ ዎዝ አትግዙ፣ እሳት 50% ጨምሮ ያቃጥለዋል።

ምልክት፦ ውኃ ያለበት ካርታ ላይ በጎን እየተሾለኩ ይገቡብኛል

ሐይቅ አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። የእግር ተዋጊ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ለአንዲት ሔክስ (ባለ ስድስት ጎን የካርታ ክፍል) 3 እርምጃ ይከፍላል፣ የማምለጥ ዕድሉም 20% ብቻ ነው። መርማን ፋይተር እዚያው 60% ያመልጣል። እንደ ፎለንስታር ሌክ ባለ ካርታ ላይ አንድ መርማን (14 ወርቅ) የውኃ ዳር መንደሮችን ይይዛል፣ ዳር የሚሻገሩትንም ውኃ ውስጥ እያሉ ያገኛቸዋል። ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ግን አይግዙ፤ ምድር ላይ ሲወጣ 30% ነው የሚያመልጠው። ሎያሊስት፣ ሬቤልስና ኖርዘርነርስ የውኃ ሰው አላቸው። ኖልጋንስ የላቸውም፣ ስለዚህ ውኃው ሰፊ ሲሆን ግሪፎን የግድ ነው።

ምልክት፦ መርዝ ሠራዊቴን እየጨረሰው ነው

መርዝ በየተራው 8 ሕይወት ይወስዳል። የተመረዘውን ወዲያው ወደ መንደር መልሱት፤ የመጀመሪያው ተራ መርዙን ያወጣለታል፣ 8 የሚድነው ከቀጣዩ ተራ ጀምሮ ነው። የሬቤልስ ፈዋሽ ሻማን አጠገቡ ከቆመች መርዙ በዚያ ተራ ጉዳት አያደርስም፣ አይጠፋም ግን። ሦስት ሰው ተመርዞ መንደር አንድ ብቻ ካለ ግንባሩን አጥብባችሁ ሦስቱንም ወደኋላ አውጡ።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩን በቀላሉ አሸንፋለሁ፤ ጓደኛዬ ግን ሁሌ ይረታኛል

ኮምፒውተሩ ሰዓት ሳይመርጥ ይመጣል፣ ማፈግፈግም አይወድም። ስለዚህ ቆሞ የሚጠብቅ ጎራ ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ «ምርጥ» ይመስላል። በዚያ ተመሥርታችሁ ጎራ አትምረጡ።

ከሰው ጋር ስትጫወቱ ተቃራኒያችሁ ምን እንደያዘ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ የመጀመሪያው ግዢ ለሁሉም የሚሆን ይሁን። ለሎያሊስት በ100 ወርቅ ይህን እንመክራለን፦ 2 ስፒርማን (28)፣ 1 ቦውማን (14)፣ 1 ሜጅ (20)፣ 1 ካቫልሪማን (17)፣ ውኃ ካለ 1 መርማን (14)። ድምሩ 93 ነው። ውኃ ከሌለ በመርማኑ ፈንታ ሦስተኛ ስፒርማን። ሆርስማን (23) በመጀመሪያው ዙር አይገዛም፤ ሲያጠቃ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ጉዳት እጥፍ ስለሆነ ማን ላይ እንደምትልኩት ሳታውቁ ቁማር ይሆናል። የጠላት ጎራ እንደታየ ሁለተኛውን ግዢ በእሱ ድክመት ላይ አድርጉ።

ተራችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት ኮንትሮልና ቪ ተጫኑ፤ ጠላት በሚቀጥለው ተራ የት የት ሊደርስ እንደሚችል ይበራል። ደካማ ሜጃችሁ በዚያ ውስጥ ካለ መልሱት።

ክርክሩ አሁንም ካልበረደ በአንድ ላፕቶፕ የሚፈታበት መንገድ አለ። በዘ ፍሪላንድስ ካርታ ላይ ሁለቱን ጎራዎች ይዛችሁ ተጫወቱ፣ ከዚያ ጎራ ተቀያይራችሁ ድገሙት። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው አንድ ሰው ከሆነ ጎራው ተጠያቂ አይደለም፤ የተሸነፈው ሰው ሴቭ የሆኑትን ተራዎች ከፍቶ ምሽት ላይ ተዋጊዎቹ የት እንደነበሩና በሁለተኛው ግዢ ምን እንደገዛ ይይ። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው አንድ ጎራ ከሆነ ደግሞ ካርታውን ቀይሩና እንደገና ሞክሩት።