ትኩስ የቅመም ውስኪ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሃ፣ ማር፣ ሎሚ፣ ቅመምና ውስኪ። በብርድ ወራት የሚጠጣው ትኩስ የቅመም ውስኪ ከዚህ የዘለለ ነገር አይፈልግም። ሆኖም ብዙ ጊዜ ወይ ይመራል፣ ወይ አፍንጫን ይሰነፍጣል፣ ወይ ለብ ያለ የማር ውሃ ይሆናል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የዕቃው ሳይሆን የእሳቱ ነው። ቅመም ሙቀትም ጊዜም ይፈልጋል፤ ውስኪና ሎሚ ግን ሁለቱንም አይወዱም። ሁሉም አንድ ላይ ተጥደው ሲፈሉ አንዱ ሳይበስል ሌላው ይበላሻል።

ለአንድ ሰው መነሻ የሚሆነው መጠን ይህ ነው፦ 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ (ሲፈላ ስለሚተን 180 ይጣዱ)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ ጣት የሚያህል ቀረፋ፣ 2 ፍሬ ቅርንፉድ፣ 1 ሰንጠቅ የተደረገ ሄል፣ 2 ስስ ቁራጭ ዝንጅብል።

ውስኪውን እሳት ላይ ማፍላት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ንጹህ አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል፤ የውስኪው ስስ መዓዛ ግን ገና ከዚያ በፊት ከእንፋሎቱ ጋር መሄድ ይጀምራል። ቤቱ ሲያውድ ደስ ይላል፤ ያ ሽታ ግን ከኩባያው የጎደለ ነው። አደጋም አለው። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ 26 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚወጣው ተን ነበልባል ካገኘ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ውስኪ ከነጭራሹ ወደ ድስት አይገባም። መጀመሪያ እሳቱን ያጥፉ፣ የቅመሙን ውሃ ወደ ኩባያ ይቅዱ፣ ውስኪውን በመጨረሻ ኩባያው ውስጥ ይጨምሩ። የክፍሉ ሙቀት ያለው ውስኪ ይበቃል፤ ለብቻው ማሞቅ አያስፈልግም።

ቅመሙን ኩባያ ውስጥ ጥሎ መተው

ኩባያው ውስጥ የቆመ የቀረፋ እንጨት ለዓይን ያምራል እንጂ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚሰጠው ጣዕም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቀረፋ ጠንካራ ቅርፊት ስለሆነ ጣዕሙን የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው፤ ቅርንፉድ ደግሞ ቶሎ ይለቃል። አንድ ላይ ከተጣዱ ቀረፋው ሳይደርስ ቅርንፉዱ ያልፋል። ስለዚህ ቀረፋውንና ዝንጅብሉን በቀዝቃዛው ውሃ ይጀምሩ፤ መፍላት ሲጀምር እሳቱን ቀንሰው 5 ደቂቃ ያቆዩ። ከዚያ ቅርንፉዱንና ሄሉን ጨምረው ድስቱን ከእሳት ያውርዱና ከድነው ሌላ 5 ደቂቃ ይተዉት። ክዳኑ ለይስሙላ አይደለም። የቅመም መዓዛ በቀላሉ የሚተን ዘይት በመሆኑ፣ ክፍት ድስት መዓዛውን አየር ላይ ይበትነዋል።

ከዚያ ማጥለል ግዴታ ነው። የቅርንፉድ ዘይት ከውሃ ይልቅ በአልኮል በደንብ ይሟሟል። ስለዚህ ፍሬው ኩባያው ውስጥ ከቀረ ውስኪው ከገባ በኋላም ጣዕሙ እየጠነከረ ይሄዳል። በውስጡ ያለው ዩጂኖል የተባለ ንጥረ ነገር ምላስን ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሕክምና ክፍልን ሽታ የሚያስታውሰውም እሱ ነው። ለአንድ ኩባያ ከ3 ፍሬ በላይ አይጨምሩ።

የተፈጨ ቅመም መጠቀም

የቀረፋ ዱቄት አይሟሟም። ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል፣ የመጨረሻውን ጉንጭ ጭቃ ያደርገዋል። ከዱቄት በቀር ሌላ ከሌለ የሻይ ማንኪያ ሩቡን ብቻ አፍልተው በንጹህ ጨርቅ ያጥልሉት። ገውዝ ግን የተለየ ነው፤ መጠጡ ካለቀለት በኋላ ትንሽ ፈግፍጎ ከላይ ቆንጠር አድርጎ መነስነስ እጅግ ይስማማዋል።

ቀዝቃዛ ኩባያ

ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ የሚያጎድል ስህተት። ወፍራም የሸክላ ኩባያ ቀዝቃዛ ከሆነ የመጠጡን ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ቀዝቃዛው ውስኪ ሲጨመርበት ደግሞ ገና ሳይጠጣ ለብ ይላል። ሌላውን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ኩባያውን በሙቅ ውሃ ሞልተው ያቆዩትና ሊቀዱ ሲሉ ይድፉት። የመስታወት ብርጭቆ ከሆነ ሙቀት የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ተራ ብርጭቆ የፈላ ውሃ በድንገት ሲገባበት ይሰነጠቃል።

በሌላ በኩል እያቃጠለ መጠጣትም ስህተት ነው። ጣዕሙ በደንብ የሚለየው 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቁ መጠጦችን ለካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ ከሚባሉት መድቧቸዋል።

ውድ፣ ጭሳማ ወይም እጅግ ጠንካራ ውስኪ መምረጥ

ለዓመታት የቆየ ውድ ውስኪ ያለው ስስ ጣዕም በማርና በቅርንፉድ ይዋጣል፤ ለብቻው ይጠጣ። ጭሳማ ውስኪ ሲሞቅ ጭሱ ይበረታና ቅመሙን ይሸፍነዋል። በጣም የሚስማማው ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ ነው። ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ስላለውና ውስጡ በተቃጠለ አዲስ የኦክ በርሜል ስለሚቀመጥ የቫኒላና የካራሜል ጣዕም ይዞ ይመጣል፤ ያ ደግሞ ከቀረፋ ጋር በተፈጥሮው ይስማማል። ለስላሳ የአየርላንድ ውስኪም ጥሩ ነው። ከበርሜል ሳይቀጠን የታሸገ 58 በመቶ ውስኪ ብቻ ካለ 45 ሳይሆን 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ሙቀት የአልኮሉን ተን ወደ አፍንጫ ስለሚያወጣው ጥንካሬው ጎልቶ ይሰማል።

ሎሚውን ማፍላት፣ ነጩን መጭመቅ

የፈላ የሎሚ ጭማቂ ትኩስነቱ ጠፍቶ ጎምዛዛነቱ ብቻ ይቀራል። ከውስኪው ጋር በመጨረሻ ይግባ። ልጣጩን መጠቀም ከፈለጉ ቢጫውን ወይም አረንጓዴውን ሽፋን ብቻ በስሱ ይላጡ፤ ከሥሩ ያለው ነጭ ክፍል ይመራል። ውሃውን በወተት ለመተካት ካሰቡ ደግሞ ሎሚውን ሙሉ በሙሉ ይተዉት፤ በሎሚው አሲድ ወተቱ ተበጣጥሶ እንደ አይብ ይቋጠራል።

ማሩን በስተመጨረሻ መጨመር

ውስኪው ከገባ በኋላ የተጨመረ ማር ታች ተኝቶ ይቀራል። ባዶው የሞቀ ኩባያ ውስጥ ማሩን አስቀድመው በጥቂት የቅመም ውሃ ያማስሉት። ጣፋጭነቱን የሚቀምሱት ሲሞቅ ይሁን፤ ምላስ ጣፋጭን በሙቅ አጉልቶ ስለሚሰማው ከቀዘቀዘ ያሳስታል። በውሃ ፋንታ የፖም ጭማቂ ካፈሉ ማሩን በግማሽ ይቀንሱ።

ለብዙ ሰው ሲሆን ሁሉንም ማባዛት

ለ6 ሰው ቅርንፉዱን 12 ማድረግ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን 6 ይበቃል፤ ትልቅ ድስት ሙቀቱን ስለሚይዝ ቅመሙ ረዘም ላለ ጊዜ ይለቃል። 1 ሊትር ከሩብ ውሃ ከ3 ቀረፋ ጋር አፍልተው፣ አጥልለው፣ ከድነው በትንሽ እሳት ያቆዩ። ማር፣ ሎሚና ውስኪ በየኩባያው ይለካሉ። እንዲህ ሲሆን አልኮል የማይጠጣ እንግዳም ከዚያው ድስት ይቀዳለታል።

እንደ መድኃኒት መቁጠር

ትኩስ መጠጥ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ አልኮሉ ግን ጉንፋን አያድንም። የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት የተሰማ ይመስላል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ጠጥቶ ብርድ ላይ መውጣት የሚጎዳውም ለዚህ ነው። 45 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 14 ግራም ገደማ አልኮል አለ፤ በማር ተሸፍኖ ቶሎ ስለሚወርድ ሳይታወቅ ይደጋገማል። ከእንቅልፍ መድኃኒት ወይም እንቅልፍ ከሚያመጣ የጉንፋን መድኃኒት ጋር ፈጽሞ አይወሰድ።

በስተመጨረሻ፣ የቀዘቀዘን ኩባያ መልሰው አይጣዱት። የተረፈውን የቅመም ውሃ ለብቻው አሙቀው ይጨምሩበት። ውስኪና ሎሚ ያልገባበት የቅመም ውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል።