የልጅ ጉበት ካንሰር ተሰራጭቷል ሲባል፦ ወላጅ ሕክምናውን እንዴት ይከታተል?

ልጅ በሚታጠብበት ሰዓት በቀኝ ጎድን ሥር የሚዳሰስ ጠጣር እብጠት ብዙ ጊዜ የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ነው። ምርመራው አልቆ «ካንሰሩ ተሰራጭቷል» ሲባል ግን ተስፋ ቆርጣችሁ ልጁን ይዛችሁ ወደ ቤት እንዳትመለሱ አደራ እላለሁ፤ በሕፃናት ላይ ወደ ሳንባ የተዛመተው እንኳ የሚድንበት ጊዜ አለና።

በቅድሚያ የካንሰሩን ዓይነት ጠይቁ። በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሚይዘው ሄፓቶብላስቶማ በኬሞቴራፒ (ካንሰርን በሚያጠፋ መድኃኒት፣ ባጭሩ ኬሞ) በደንብ ይቀንሳል፤ በትልልቅ ልጆች ላይ የሚታየውና አንዳንዴ ከሄፓታይተስ ቢ ጋር የሚያያዘው ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ ግን ለመድኃኒት በቀላሉ ስለማይበገር፣ ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት መቻሉ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል።

የተሰራጨ ሄፓቶብላስቶማ በኬሞ ይጀመራል። መሠረቱ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ዶክሶሩቢሲን የተባለው ሌላ መድኃኒት ይታከልበታል። ዕጢው ሲያንስ የታመመው የጉበት ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ጤነኛ ጉበት መልሶ ያድጋል። በሳንባ ላይ የቀሩ ጥቂት ዕጢዎችም በቀዶ ሕክምና ሊወጡ ይችላሉ። ዕጢው አራቱንም የጉበት ክፍሎች ከያዘ የጉበት ንቅለ ተከላ ይታሰባል፤ ለዚህ ግን አስቀድሞ ሳንባው መጽዳት አለበት። ከወላጅ ጉበት ተከፍሎ የሚሰጥበት መንገድም ስላለ፣ ንቅለ ተከላ የሚሠራ ማዕከልን ማማከር የሚገባው ኬሞው ሲያልቅ ሳይሆን ገና ሲጀመር ነው።

አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ መድቡ። አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለው የደም ምርመራ በተደረገ ቁጥር ቀኑንና ውጤቱን ጻፉበት፤ ቁጥሩ በየዙሩ እየወረደ መሄዱ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ያመለክታል። ጨቅላ ሕፃናት ላይ ግን በተፈጥሮም ከፍ ስለሚል፣ ከዕድሜው ጋር አገናዝቦ እንዲያስረዳችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሲስፕላቲን የመስማት ችሎታን ለዘለቄታው ሊጎዳ ስለሚችል ከመጀመሪያው መርፌ በፊትና በሕክምናው መካከል የጆሮ ምርመራ፣ ልብን ሊጎዳ ለሚችለው ዶክሶሩቢሲን ደግሞ የልብ አልትራሳውንድ እንዲደረግ አሳስቡ። በኬሞ ወቅት የልጁ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ እኩለ ሌሊት ቢሆንም ሳታዘገዩ ሆስፒታል ውሰዱት። ጸሎቱና ጸበሉ አይከለከልም፤ ጉበትን ሊጎዳ የሚችለውን የባህል መድኃኒት ግን ከኬሞ ጋር ከቶ አትስጡ።

ሕመም የሚያስታግሰው ክትትል በሽታው የማይድን ሲሆን ብቻ የሚጠየቅ አይደለም፤ ሆዱ ተወጥሮ ሌሊቱን ሲያቃስት ለሚያድር ልጅ ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ በልኩ ሊሰጠው ይችላልና፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠይቁለት።