ሽምብራ ወደ ውጭ ከመላክዎ በፊት ነቀዙን እንዴት ይከላከላሉ?

መርካቶ እህል በረንዳ ገብቶ ሽምብራ መግዛት ቀላል ነው። ጭንቁ የሚመጣው ጭነቱ ሰው አገር ተከፍቶ ነቀዝ ሲገኝበት ነው። ያኔ በእርስዎ ኪሳራ በመርዝ ጋዝ ይታጠናል፣ ይመለሳል ወይም ይወገዳል።

መጀመሪያ ገዢዎ የአገሩን መስፈርት በጽሑፍ እንዲልክልዎ ያድርጉ። አገር ከአገር ይለያያል። አውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሻንጣ ለሚገባ ማንጎ እንኳ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት፣ ማለትም ምርቱ ከተባይ ነፃ ነው የሚል የመንግሥት ወረቀት፣ ይጠይቃል።

ከዚያ ወደ ጆንያው። ከላይ የሚታየውን ብቻ አይመኑ፤ ከመሃልና ከሥር ናሙና ያስወጡ። ሰፌድ ላይ ያፍስሱትና ብርሃን ላይ ይዩት። ፍሬው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ካለች የነቀዝ እንቁላል ናት። ተጣብቃ ስለምትቀመጥ እፍ ቢሏት አትሄድም። ትሉ ከእሷ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ፍሬው ሆድ ይገባል። ክብ ቀዳዳ ካዩ ደግሞ ነቀዙ አድጎ ወጥቷል። ብዙ ሰው ቀዳዳ ካጣ «ንጹህ ነው» ብሎ ይገዛል። እኔ ግን የምፈራው ነጯን ነጥብ ነው። ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት።

ቀጥሎ ማጠን ነው። ለዚህ የሚውለው የፎስፊን ክኒን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሰው ይገድላል። እባክዎ ራስዎ አይሞክሩት፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጥሩ። ሰው በሚያድርበት አጠገብ ደግሞ ፈጽሞ አይታጠንም። የአዲስ አበባ ብርድ ጋዙን ስለሚያዘገየው ባለሙያው የሰጠው ቀን ሳይሞላ ጆንያዎቹ የተሸፈኑበትን ሸራ አያስገልጡ። ትልቁ ነቀዝ ቢሞትም እንቁላሉ ሊተርፍ ይችላል።

የእንጨት ፓሌት (ጆንያ የሚደረደርበት ርብራብ) ከተጠቀሙ፣ እንጨቱ ለተባይ መከላከያ መታከሙን የሚያሳየውን የስንዴ ዘለላ ያለበትን ማኅተም ይፈልጉ። በሙቀት የታከመ እንጨት እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ኮንቴይነሩንም ከመጫንዎ በፊት ያስጠርጉ፤ ጥጋጥጉን በባትሪ ይዩ።

የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ግብርና ባለስልጣን ነው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ያመልክቱ። የምርቱ ስምና ክብደት ከደረሰኙ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ጣጣ ያመጣል።

በመጨረሻ ከታጠነው ሽምብራ አንድ ብርጭቆ ያስቀሩ። አፉን በስስ ጨርቅ አስረው ቢሮዎ ውስጥ ያኑሩት፣ በየሳምንቱም ይዩት። ነቀዝ ከወጣበት ገዢው ሳይደውል እርስዎ ይደውሉለት።