ጅማ ላይ ክረምቱን ከልጆች ጋር

ሐምሌ ላይ ትምህርት ተዘግቶ ልጆች ቤት ሲውሉ ቴሌቪዥኑ እረፍት የለውም። ውጡ! የጅማ ዝናብ ግን ቀልድ አያውቅም፣ ስለዚህ ጃንጥላ ያዙና ጠዋት በጊዜ ተነሱ።

መጀመሪያ ጅሬን። ከከተማው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ባጃጅ ስትይዙ ደርሶ መልሱን፣ ቆሞ የሚጠብቅበትንም ጨምራችሁ፣ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። የእንጨት ሥራውን ልጆቹ ረጋ ብለው ይዩት። ነጭ ጫማ ቤት ይቅር፣ ጭቃው አይምርም።

ለትንንሾቹ ቦዬ የሚባለው ረግረግ ይሻላል። ወፍ በሽ ነው፣ ጉማሬም አለ። ጉማሬ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል እንጂ ሲሮጥ ሰው ይቀድማል፤ ለፎቶ ብላችሁ ውኃው ዳር እንዳትጠጉ።

የኬጂም ይሁን የስምንተኛ ክፍል ምረቃ ካለ፣ ጋወኑ ሳይመለስ ጅሬን ላይ ፎቶ አንሱ። ለስጦታ እኔን ከጠየቃችሁኝ ከኬክ በርጩማ ይሻላል፣ ያ ባለሦስት እግሩ የጅማ። ስትገዙ ገልብጡት። ከአንድ እንጨት ከተፈለፈለ እግሩ ሥር መገጣጠሚያ አይታይም፤ ከታየ ዋጋ ቀንሱ በሉ።