ቡሌት ፑለር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የምትነቅሉትን ጥይት እዩ

ቤቱ ጥይት ሪሎድ የሚያደርግ፣ ማለትም ባዶ ቀለህ በአዲስ ባሩድና አረር የሚሞላ ሰው ፕሬሱን (መጫኛ ማሽኑን)፣ ዳዩን (ፕሬሱ ላይ የሚታሰረውን ቅርፅ ማስያዣ)፣ ሚዛኑን ሁሉ ገዝቶ ቡሌት ፑለሩን፣ አረሩን ከቀለህ የሚነቅለውን እቃ፣ ለሌላ ጊዜ ይተወዋል። ከዛ አንድ ቀን አንዷ ቀለህ ውስጥ ባሩድ ሁለቴ የገባ ይመስለዋል፣ ወይ አረሩ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ገብቷል፣ ወይ ደሞ ፕራይመሩ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) በደንብ ሳይቀመጥ ቀርቷል፣ ጥይቷን ሊፈታት ሲፈልግ እጁ ላይ ያለው ፒንሳ ብቻ ነው። እባካችሁ በሞርሳና በፒንሳ አትሞክሩት፣ የተጠራጠራችኋትን ጥይት ደሞ "ምንም አትሆንም" ብላችሁ አትተኩሷት። የባሩድ ሁለቴ መግባት መሳሪያ ያፈነዳል፣ ጣትና አይን ይወስዳል።

በብዛት የሚሸጠው መዶሻ የሚመስለው ነው፣ እንደ ፍራንክፎርድ አርሴናል እና አርሲቢኤስ ያሉት ሁሉ ይሰሩታል፣ ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው። ጥይቷን ከኋላ ጠርዟ አስይዛችሁ፣ አረሯ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ክዳኑን ታጠብቁና እንጨት ላይ ትመታላችሁ፣ መዶሻው ድንገት ሲቆም አረሩ በራሱ ክብደት መንገዱን ይቀጥልና ከቀለሁ ይወጣል። ስራውን የሚሰራው የአረሩ ክብደት ስለሆነ ከባድ አረር ቶሎ ይወጣል፣ የ45 ካሊበር 230 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) በጥቂት ምት ይለቃል፣ የ223ቱ 55 ግሬን ግን ቀላል ስለሆነ ደጋግማችሁ ትመታላችሁ። ብዙ ሰው "እቃው አይሰራም" ብሎ የሚያማርረው እዚህ ጋ ነው፣ እቃው ሳይሆን የአረሩ ክብደት ነው ነገሩ።

ስትመቱ ሲሚንቶ ወይም ብረት ላይ አትምቱ፣ የመዶሻው ጭንቅላት ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰነጠቃል፣ የቆመ የግንድ ቁራጭ ምርጥ ነው። የአረሩ ጫፍ እንዳይጎዳ ስፖንጅ የሆነ የጆሮ መድፈኛ ከታች ጣል አድርጉበት። ባሩዱም አረሩም አንድ ላይ ነው የሚወድቁት፣ ስለዚህ ወንፊት ያስፈልጋችኋል፣ አፓርታማ የምትኖሩ ከሆነ ደሞ ጎረቤትም አስቡ፣ ድምፁ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ኮሌት ፑለር ነው፣ ኮሌት ማለት አረሩን ዙሪያውን ጨምቆ የሚይዝ ቀለበት ነው። ይሄ እንደ ማንኛውም ዳይ ፕሬሱ ላይ ይታሰራል፣ ፊሌቶው የተለመደው 7/8-14 ነው። ጥይቷ ሼል ሆልደር (የፕሬሱ ቀለህ መያዣ) ላይ ትቀመጥና ራሙን (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን የፕሬሱን ዘንግ) ወደ ላይ ስታወጡት አረሩ ኮሌቱ ውስጥ ይገባል፣ ታጠብቁታላችሁ፣ ራሙን ስታወርዱ ቀለሁ ከነባሩዱ ይወርዳል፣ አረሩ ከላይ ኮሌቱ ውስጥ ይቀራል። ንፁህ ስራ ነው፣ ባሩድ አይበተንም፣ አረሩም ብዙ ጊዜ ሳይጎዳ ይወጣል። የአርሲቢኤሱን ከላይ ባለው እጀታ እያዞራችሁ ነው የምታጠብቁት፣ የሆርናዲው ካም-ሎክ ግን ማንሻ ስላለው አንዴ ካስተካከላችሁት ገፋ አድርጋችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ብዙ ጥይት ለሚፈታ ሰው እኔ ይሄን ነው የምመርጠው።

ኮሌቱ ለየካሊበሩ ለብቻው ነው የሚገዛው፣ ዋጋ ስታሰሉ አትርሱት። ደስ የሚለው ነገር ኮሌቱ የሚመረጠው በጥይቱ ስም ሳይሆን በአረሩ ውፍረት ነው፣ የ224ቱ ኮሌት ለ223ም ለ22-250ም ይሆናል፣ የ308ቱ ደሞ ለ308 ዊንቸስተርም ለ30-06ም ለ300 ብላክአውትም። ሽጉጥ ላይ ግን አልመክረውም፣ የ9 ሚሊ አረር ከቀለሁ ውጪ የሚታየው አጭርና ክብ ስለሆነ ኮሌቱ የሚይዘው ቀጥ ያለ ቦታ አያገኝም ይንሸራተታል፣ እርሳሱ ሽፋን የሌለው ከሆነ ደሞ ጭራሽ።

ፒንሳ መሰል የሆነ ግሪፕ-ኤን-ፑል የሚባልም አለ፣ ዳይ ሳይታሰር ራሙ ወጥቶ አረሩ ከፕሬሱ በላይ ብቅ ሲል ይዛችሁ ራሙን ታወርዳላችሁ፣ ለዚሁ ስራ ተብሎ የተሰራ ስለሆነ ከተራ ፒንሳ ጋር አታምታቱት። ፈጣን ነው ግን እሱም ለጠመንጃ አረር ነው።

ስለዚህ ሽጉጥ ብቻ የምትሰሩና አልፎ አልፎ አንድ ሁለት የምትነቅሉ ከሆነ መዶሻው ይበቃችኋል። ጠመንጃ የምትሰሩና በመቶ የሚቆጠር ጥይት መፍታት ያለባችሁ ከሆነ ለኮሌቱ ገንዘብ አውጡ፣ ያን ሁሉ በመዶሻ ክንድ አይችለውም። ሁለቱንም የምትሰሩ መጀመሪያ መዶሻውን ግዙ፣ ኮሌቱን በኋላ ጨምሩ።

የወታደር ትርፍ ጥይት ላይ አረሩ በማሸጊያ ተጣብቆ አልወጣ ካለ፣ ሲቲንግ ዳይ (አረር ማስገቢያው ዳይ) ላይ ፀጉር ታህል ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉትና ማሸጊያው ሲላቀቅ ንቀሉት። ጫፉ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ምን እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትንኩት፣ ትሬሰር (ሲተኮስ እየበራ የሚሄድ) ወይም ተቀጣጣይ ሊሆን ይችላል፣ እነሱ በመዶሻም በኮሌትም አይፈቱም። 22 ሎንግ ራይፍል እና ሌሎች ሪምፋየሮችን መዶሻው ውስጥ በፍፁም እንዳታስገቡ፣ የሚፈነዳው ነገር ያለው መዶሻው በሚይዘው ጠርዝ ውስጥ ነው። መነፅር አድርጉ፣ ጥይት መያዣውን ደሞ ከእቃው ጋር በመጣው ብቻ ተጠቀሙ፣ አንዳንዱ ለፍጥነት ብሎ በሼል ሆልደር ይተካዋል፣ አምራቹ ካልፈቀደ አታድርጉት።

የወጣው ባሩድ ከራሳችሁ ከታወቀ ጣሳ ዛሬ የቀዳችሁት ካልሆነ አትመልሱት፣ የፋብሪካ ጥይት ባሩድማ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ይጣላል። ቀለሁ ላይ ፕራይመሩ ያልተተኮሰ ስለሆነ እንደገና መጠቀም ይቻላል፣ ግን አረሩ ሲነቀል የቀለሁ አንገት ትንሽ ስለሚላላ ከሳይዚንግ ዳዩ (የቀለሁን ልክ ከሚመልሰው ዳይ) ላይ ፕራይመር ማውጫዋን መርፌ ፈታችሁ አንገቱን አንዴ አሳልፉት፣ ከዛ አዲሱን አረር አስገቡ።