ስኳርና ዓይን፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ዋነኛው ስህተት «አጥርቼ አያለሁ፤ ለምን ብዬ ነው የምመረመረው?» ማለት ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለችውን፣ ብርሃን የምትቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ሬቲናን የሚመግቡ ደቃቅ የደም ሥሮችን ቀስ በቀስ ይጎዳል። አንዳንዶቹ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፣ ሌሎቹ ይደፈናሉ። በኋላ የሚበቅሉት አዳዲስ ሥሮች ደግሞ ስሶች ናቸው፤ በቀላሉ ይደማሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም፣ እይታም ለረጅም ጊዜ ላይቀንስ ይችላል። ስለዚህ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ፣ ዓይነት አንድ ያለበት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ዓይኑን ይታይ፤ ከዚያ ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ካልሰጠው በየዓመቱ።

ፊደል ማንበብን ምርመራ ነው ብሎ መሄድም አለ። ጠብታ ተደርጎ ብሌኑ ካልሰፋ ወይም ጀርባው በካሜራ ካልተነሣ ሬቲናው አልታየም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ፤ ሲሄዱ ሰው ይዘው ይሂዱ። ጠብታው ለሰዓታት እይታ ያደበዝዛል፣ ብርሃንም ያስጨንቃል። በዚያ ዓይን መኪና ይዞ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ መውረድ እብደት ነው።

ዓይን ብዥ ሲል ወደ መነጽር ቤት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ስኳር ከፍ ዝቅ ሲል የዓይን ሌንስ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ የዛሬው መነጽር ከወር በኋላ ላይሆን ይችላል። ስኳሩ ለጥቂት ሳምንታት ይረጋጋና መነጽሩ ከዚያ ይለካ።

«እስኪበስል ልጠብቅ» የሚለው ምክር ከዓይን ሞራ የተወረሰ ነው፤ ለሞራም ቢሆን ዛሬ አይሠራም። ሞራ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ አብዛኛው ሰው መልሶ ያያል። የሞተ ሬቲና ግን አይመለስም። «ሌዘር ተደርጎልኝ ምንም አልተሻለኝም» የሚሉ ታማሚዎች የሚያዝኑትም ይህን ቀድሞ የነገራቸው ስለሌለ ይመስለኛል፤ የሌዘር (የተጎዳውን ሬቲና በብርሃን ጨረር የማከም) ዋና ሥራ የቀረውን እይታ ማትረፍ ነው። ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ የአንዳንዱን እይታ ያሻሽላል፣ ቀጠሮ ከተዘለለ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

የደም ግፊትን መርሳት፣ ማጨስ፣ ለጸበል ወይም ለጾም ብሎ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ዓይንን ይጎዳሉ። ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ስኳር ያለባት ሴት ካረገዘች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዓይኗን ትታይ፤ እርግዝና ጉዳቱን ሊያፋጥን ይችላል።

ድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛ፣ ብልጭታ ከታየ ወይም ዓይንን መጋረጃ የመሰለ ነገር ከሸፈነው ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው።